የከብት ተራው ያለቀበት ዓመት

ባለፈው ሚያዝያ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚኒባስ ስሄድ፣ መኪና የማይስማማቸው አንዲት ሴትዮ መስኮት ይከፈትልኝ አሉ። ረዳቱ እያጉረመረመ ከፈተላቸው፤ ወዲያው የከሰል ጭስ ገባ። እርጥብ ሣርና አፈር ተጭኖበት ቀስ እያለ የሚጨስ እንጨት ሽታ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ዓይነት። ተሳፋሪው ለከሰል ስለሚተከለው ዲከረንስ ማውራት ጀመረ። ዛፉ ታሟል፣ ከጫፉ እየደረቀ ይወርዳል፣ አንዱ መንደር ነቅሎ እንደገና ገብስ ሊዘራ አስቧል፣ ግን በምን በሬ ይረስ? ከኋላ ወንበር አንድ ሰው "በሬውንማ ሸጠን አይደል ዛፍ የተከልነው" አለ። ማንም አልሳቀም።

መስኮቱ ይዘጋ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ደክሞኝ ነበር። ያ ሽታ ሁልጊዜ ያደክመኛል፤ ስምንተኛ ክፍል የነበርኩበትን ዓመት ይዞብኝ ይመጣል።

በዚያ ዓመት የመንደራችን ከብት በተራ ነበር የሚጠበቀው። ከዚያ በፊትም በተራ ነበር፤ ያኛው የመጨረሻው ስለሆነ ነው እንዲህ የምለው። አሠራሩ ቀላል ነው። አሥራ አራት ቤት ጠዋት ጠዋት ከብቱን ሜዳው አፍ ላይ ያደርሳል። የዕለቱ ባለተራ ሁሉንም ተረክቦ ሲጠብቅ ይውልና ማታ ይመልሳል። ላሞቹ የየቤታቸውን መንገድ ስለሚያውቁ መንደር ከደረሱ በኋላ የሚነዳቸው አያስፈልግም። በማግስቱ ደግሞ የሚቀጥለው ቤት። ሁለት ከብት ያለውም ስምንት ያለውም እኩል አንድ ቀን ይጠብቃል፤ በዚህ የተጣላ ሰው አላስታውስም።

የማይነካ ሕግ አንድ ብቻ ነበር። የዕለቱ እረኛ ማታ ከብቱን ሲያስረክብ የተናገረው ቃል አይመረመርም። ጥጃው ገደል ገባ ካለ ገባ ነው፤ ላሟ አልግጥ ብላ ዋለች ካለ ዋለች ነው። "እርግጠኛ ነህ?" የሚል ሰው አልነበረም። ምክንያቱን ያስረዱኝ አባ እንየው ናቸው። "ሜዳው ላይ ካንቺ ሌላ ዐይን የለም" አሉኝ፣ መጀመሪያ ብቻዬን ተራ የጠበቅኩ ቀን። "አንድ ቀን ከተጠራጠርንሽ ነገ ከብቱን ለማን አምነን እንሰጣለን?" እኔ እንደ ሙገሳ ነው የሰማሁት። ትልቅ ሰው ሆንሽ ያሉኝ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ኮራሁ።

አባ እንየው የተራው ቅደም ተከተል በጭንቅላታቸው ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ ነበሩ። ትናንት ማን ጠበቀ፣ ለቅሶ የሄደው ከማን ጋር ቀን ተለዋወጠ፣ ሁሉንም እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል፤ ብቻቸውን ከሦስት ከብት ጋር ይኖሩ ነበር። ክረምት ከበጋ ጥቁር ባና ይለብሳሉ፤ ዝናብ ሲመታው የበግ ጉረኖ ይሸታል። ከእኛ ጋር አማርኛ፣ ከከብቶቹ ጋር አዊኛ ነበር የሚያወሩት። እኛ ቤት የሚወራው አማርኛ ስለሆነ የእኔ አዊኛ ስብርብሩ የወጣ ነው። ከብት አማርኛ አይሰማም ብዬ ከልቤ አምን ስለነበር ግን ተራችን ሲደርስ ላሞቹን ባለችኝ አዊኛ ስለምን እውል ነበር። አንድ ቀን አባ እንየው በዚያ ሲያልፉ ሰሙኝና እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ምን እያልሻቸው እንደሆነ ታውቂዋለሽ?"

"ተመለሱ እያልኳቸው ነዋ።"

"ግቡ፣ ተቀመጡ እያልሻቸው ነው። እንግዳ ይመስል።"

ከሦስቱ ከብቶቻቸው ዳልቻ የምትባለው ላም አሮጊት ነበረች። አንድ ቀንዷ ወደ ዐይኗ የታጠፈ፣ ስትራመድ ጉልበቷ ቀጭ የሚል። ማታ ማታ መንጋውን ወደ መንደር የምትመራው እሷ ናት። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ማንም ሳይነግራት ቀና ትልና መንገድ ትጀምራለች፤ ሌላው ይከተላታል። ዳልቻ ባለችበት ቀን እረኛው ሥራ የለውም ይባል ነበር። አባ እንየው ሌላ ነገር ሲያወሩ ድምፃቸው ደረቅ ነው፤ ስሟን ሲጠሩ ግን ይለሰልሳል።

ዲከረንስ መንደራችን የገባው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። መጀመሪያ በማሳ ዳር፣ በኋላ ማሳው ውስጥ። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይተከላል፤ በሁለተኛው ሥሩ ለምለም ሣር ያበቅላል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ይከሰላል። አልዋሽም፣ የሣር ጣሪያችንን በቆርቆሮ የቀየርነው በእሱ ነው። ልጅ ሆኜ ዛፉ ውስጡ ጥቁር ይመስለኝ ነበር፤ አለዚያማ እንዴት ከሰል ይሆናል? አባቴ መጀመሪያ የቆረጠ ቀን ሮጬ ሄጄ ግንዱን ባየው ነጭ ነው። ተታለልን ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። የጎረቤታችን የአያ ስንሻው ነጭ ፈረስም እንዲሁ አሳስቶኛል። በጥምቀት አጊጦ የሚጋለበው ፈረስ የከሰል ማዳበሪያ ወደ አስፋልት ማመላለስ ከጀመረ በኋላ ሲጠቁር፣ ሌላ ፈረስ የገዛ መስሎኝ ነጩን የት እንዳደረሰው ጠየቅኩት። አያ ስንሻው ፈረሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጭነቱን አስተካክሎ ሄደ።

ዛፍና ከብት አብረው አልሄዱም። ማሳው ዛፍ ከሆነ በሬ ለምን ይቀለባል? በሬው ሲሸጥ ላሟም ትከተላለች። አንድ ቤት ከብቱን በሸጠ ቁጥር ደግሞ ለቀረነው ተራው ቶሎ ይመለሳል። አሥራ አራት የነበርነው በመስከረም ዘጠኝ ቤት ሆንን፤ ገና ሲደርስ ስድስት፤ ፋሲካ ሲፈታ ሦስት። የቀረነው አባ እንየው፣ አያ ስንሻውና እኛ ነበርን። በየሁለት ሳምንቱ ይደርሰን የነበረው ተራ በየሦስት ቀኑ መጣ።

እኛ ቤት ደግሞ ተራ ማለት እኔ ነኝ። አባቴ በየመንደሩ ለሰው ከሰል ያከስላል፤ የከሰሉ ክምር እሳት ፈንቅሎ እንዳይወጣበት ሲጠብቅ ሁለት ሦስት ቀን ቤት አይመጣም። ሲመጣም ዐይኑ ቀልቶ፣ ሳይበላ ነው የሚተኛው። እናቴ በጥር ወንድ ልጅ ወልዳ ጡቷ አልበቃ ብሎ ሕፃኑ የቀዮን ወተት ነበር የሚጠጣው። ቀዮ የእኛ ላም ናት፤ ያለችን አንድ ላም።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና በሰኔ ነው። ከፋሲካ በኋላ የክፍላችን አስተማሪ ከመዝገቡ ላይ ስሜን አሳዩኝ፤ በቀሪ ምልክት ታጥሯል።

"ብርቄ፣ ከዚህ በኋላ አምስት ቀን ከቀረሽ ለፈተና አትቀመጪም" አሉኝ። "እኔ አይደለሁም፣ ደንቡ ነው።"

በጣቴ ቆጠርኩ። በየሦስት ቀኑ ከቀረሁ አምስቱ ቀን ግንቦት ሳይጋመስ ያልቃል። ፈተናውን ሳይወስዱ የቀሩት ሁለቱ የአጎቴ ልጆች በዓመቱ ባል ቤት ገብተዋል። እኔ ማን ስለሆንኩ ነው የምለየው? የዚያን ሰሞን ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ስተኛም ስነሣም አምስት ቀን፣ አራት ቀን እያልኩ ነው።

አባቴ ቤት ባደረ ቀን ጠዋት ቀረብኩት።

"አባዬ፣ ቀዮን ለምን አንሸጣትም? ሰው ሁሉ ሸጧል።"

"ሕፃኑን ምን ልታጠጪው ነው? ከሰል?"

"ታዲያ ትምህርቴስ?"

ጫማውን ማሰሩን ጨረሰ። ከዚያ "አባ እንየውን ለምኛቸው" አለኝ። ሌላ መላ አልነበረውም፤ አሁን ሳስበው አይፈረድበትም፤ ያኔ ግን ጠላሁት።

አባ እንየውን ለመንኳቸው። ሳልጨርስ ነው እሺ ያሉኝ። "አንቺ ሂጂ፣ ቀንሽን እኔ እውልልሻለሁ።" አንድ ጊዜ ዋሉልኝ፣ ሁለተኛም ዋሉልኝ፣ ሦስተኛም። ከስድስት ቀን ውስጥ አራቱን ሜዳ ላይ ይውሉ ነበር፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ማታ ሲመለሱ በዱላቸው ተደግፈው እያነከሱ ነው። እኔ ግን እግራቸውን አላየሁም። ያልቀረሁበትን ቀን ነበር የምቆጥረው።

በግንቦት መጀመሪያ የአባ እንየው እህት ማዶ ቀበሌ ሞቱ፤ እሳቸው ለቅሶ ሄዱ። ቀኑ የእኛ ተራ ነበርና ወጣሁ። ደብተሬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ የተቀቀለ ድንች በኪሴ ይዤ። ዘጠኝ ከብት። ሜዳው በዚያ ወር ተግጦ አፈር ሆኗል፤ ዝናቡ ገና አልበረታም። ከሜዳው ዳር የአያ ስንሻው የአምና ችግኝ አለ፤ ጉልበቴ ድረስ የደረሰ፣ ሥሩ አረንጓዴ ሣር የሞላው፣ በእሾህ ቅርንጫፍ የታጠረ። ከብቶቹ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ ሄደው አፍንጫቸውን አስገብተው ያሸታሉ፤ ይገረፋሉ፤ ይመለሳሉ። በየቀኑ እንደዚህ ነው።

ሜዳው ላይ ባለች ብሳና ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሒሳብ ስሠራ ቀዮ ከአጥሩ አንዱን ቅርንጫፍ በአንገቷ ስትገፋ አየኋት። በዐይኔ አየኋት። ይህችን ጨርሼ እነሣለሁ አልኩ። ጥያቄዋ የማትወጣ ነበረች። ደግሜ ከላይ ጀመርኳት። ቀና ስል ቀዮ ውስጥ ናት፣ ከኋላዋ የአያ ስንሻው ሁለት ላሞች፣ ከዚያ ጊደሮቹ። ዳልቻ መጨረሻ ላይ ነበረች፤ ክፍተቱ ጋ ቆማ፣ የፊት እግሯን አስገብታ፣ ግራ እንደተጋባ ሰው ዞር ብላ እኔን ታያለች።

እየጮህኩ ሮጥኩ። ከብት በችግኝ መካከል ሲባረር ከጋጠው ይልቅ የረገጠው ይበዛል። ሁሉንም አስወጥቼ ስጨርስ አንድ ሙሉ መደዳ ተሰባብሮ ተኝቷል። የተሰበረውን በአፈር አቆምኩት፤ ሲወድቅ እንደገና አቆምኩት። እያለቀስኩ ነበር፣ ለችግኙ ግን አይደለም። ከእንግዲህ ማንም ቀኔን አይውልልኝም ብዬ ነው።

አያ ስንሻው ጩኸቴን ሰምቶ መጣ። ይቆጣል ብዬ ተሸማቀቅኩ፤ አልተቆጣም። መደዳውን ከዳር እዳር ሄዶበት ተመለሰና ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

"መጀመሪያ የገባችው የትኛዋ ናት?"

ይህ ጥያቄ ምን እንደሚያመጣ በእኛ አገር ሕፃንም ያውቃል። አጥር መስበር የለመደች ላም ትመለሳለች፤ ሌላውንም ታስለምዳለች። ስለዚህ መሪዋ ተለይታ ከመንጋው ትወጣለች፤ ከተራው ትሰረዛለች። ቀዮ ብል ቀዮ ትወጣለች፤ አባቴ ያለ መንጋ ሊይዛት አይችልም፤ ሕፃኑ ወተት ያጣል፤ አባቴም እያየሽ ዝም አልሽ ይለኛል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ጊዜ እስክተነፍስ ነው።

"ዳልቻ" አልኩት።

አያ ስንሻው ራሱን ነቀነቀ። ሁልጊዜ የምትመራ እሷ አይደለች? ማን ይጠራጠራል?

በማግስቱ ጠዋት ሜዳው አፍ ላይ አባ እንየው፣ አያ ስንሻውና አባቴ ቆሙ። አባ እንየው ከለቅሶ ማታ ነው የገቡት፤ ፊታቸው አብጧል። አያ ስንሻው የሆነውን ነገራቸው። እሳቸው ዞረው ዳልቻን አዩአት፤ እሷ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ታመሰኳለች።

"ዳልቻ?" አሉ። "አጥር ሰብራ አታውቅም። በወጣትነቷም።"

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አሁን ይጠይቁኛል፣ እርግጠኛ ነሽ ይሉኛል፤ ያኔ እናገራለሁ ብዬ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ቢጠይቁኝ እናገር ነበር። አባ እንየው ግን ባናቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡና "እረኛዋ ካለች አበቃ" አሉ።

ላሟን ቤት አስሮ ሣር እያጨዱ ማብላት ይቻላል፤ አጫጅ ላለው ሰው። ለእሳቸው ማን ያጭድላቸዋል? በገበያ ቀን ወደ ዳንግላ ሲወስዷት ከቤታችን በር ላይ ሆኜ አየሁ። ጉም ነበር። እሳቸው ፊት ፊት፣ እሷ ገመዱ ሳይወጠር ከኋላ። በአዊኛ የሆነ ነገር ይሏት ነበር። ከሚሏት ቃላት ውስጥ ያወቅኩት አንድ ብቻ ነው፣ "ግቢ" የሚለው። ማታ ሲመለሱ ገመዱን በትከሻቸው ጥለውታል። መንገድ ላይ አገኙኝና "ዛሬ ተማርሽ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ተራው ከዚያ በኋላ አልቆመም፣ እንዲሁ ከሰመ። አያ ስንሻው ችግኙ ሌላ ጊዜም እንዳይነካበት ብሎ ላሞቹን ሸጠ። አባቴም ሁለት ቤት ተራ አይሆንም አለና ቀዮን ከቤት ኋላ አሰራት፤ ከሰው ዛፍ ሥር ሣር እየገዛ ያበላት ጀመር። ያለ መንጋ ሊይዛት አይችልም ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ እሱ ግን ቻለ። ማስታወቂያ የለ፣ ስብሰባ የለ፤ አንድ ጠዋት ሜዳው አፍ ላይ ከብት ያመጣ ሰው አልነበረም፣ ከአባ እንየው በቀር። እኔ ሞኙ ተራው ሲያልቅ ድካሙ ብቻ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። መጠበቁ ብቻ ይቀራል እንጂ ሜዳውና ከብቱ እንዳለ ይኖራል ብዬ አስብ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ከትምህርት ቤት አልቀረሁም። አስተማሪያችን "እንዲህ ነው እንጂ" አሉኝ። ጠዋት ስሄድ አባ እንየው አንድ በሬና አንዲት ጊደር ይዘው ባዶው ሜዳ ላይ ናቸው፤ ከሰዓት ስመለስም እዚያው ናቸው። መንገዱ በአጠገባቸው ስለሚያልፍ ዙሪያውን አባጨጓሬ በሚበዛበት ጫካ በኩል መዞር ጀመርኩ። ሩቅ ነው፤ ጭቃ ነው፤ እግሬን እሾህ ይወጋኛል። ቢሆንም ዞርኩ። ያን ቀን ያስቸገረችኝን ሒሳብ በኋላ አወጣኋት፤ ቀላል ነበረች።

ፈተናውን ወሰድኩ። ሐምሌ ሲገባ አንድ ቀን እናቴ ጎመን ቋጥራ "ለአባ እንየው አድርሽ" አለችኝ። አማራጭ አልነበረኝም።

ከቤታቸው ኋላ፣ ድሮ ጥጃ በሚውልበት ግቢያቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ካፊያ ነበር። በረቱ ተከፍቷል፤ ውስጡ ተጠርጓል፤ በሬውም ጊደሯም የሉም። እሳቸው ባናቸውን አውልቀው ጉድጓድ በዶማ ይቆፍራሉ። አጠገባቸው በጥቁር ፕላስቲክ የተሞላ አፈር ላይ የበቀለ የዲከረንስ ችግኝ ተደርድሯል።

ጎመኑን በረቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩና ቆምኩ። ሳልዘጋጅበት ነው የወጣኝ።

"አባ፣ ያን ቀን መጀመሪያ የገባችው ቀዮ ናት። ዳልቻ አይደለችም። አይቻት ነበር።"

ዶማው አልቆመም። የጀመሩትን ጉድጓድ ጨረሱ። ሌላ ጀመሩ፤ እሱንም ጨረሱ።

"ፈተናው ከበደሽ?" አሉኝ።

"አልከበደኝም።"

"ደግ።"

"አይቆጡኝም?"

"እረኛዋ አንቺ ነበርሽ" አሉ። ቀና ብለው አላዩኝም። "ያኔ ያልሽውን ተቀበልኩ። አሁን ያልሽውንም ተቀበልኩ።" ከዚያ ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው ትንሽ ቆሙ። "ጎንበስ ቀና ማለቱ አስቸግሮኛል። ችግኙን አቀብይኝ።"

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ለአባቴ ቢናገሩብኝ፣ ከግቢያቸው ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። የመጀመሪያውን አነሣሁ፤ ፕላስቲኩን ቀድጄ፣ አፈሩ እንዳይፈርስ በሁለት እጄ ደግፌ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ተከሉት፣ በእግራቸው ዙሪያውን ጠቀጠቁት፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። እንግባ አላሉኝም፤ እኔም አልሄድኩም። ችግኙ እስኪያልቅ ድረስ አንድ በአንድ አቀበልኳቸው።